ሰባት ቁጥር ዶሮና የእትዬ ለምን ክሊራንስ

የሳይንስ አስተማሪዋን በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለተማሪዎቿ ፊት ለፊት «ቲቸር» ናት፤ ዞር ስትል ደግሞ «ለምን ይመስላችኋል»። ጠመኔዋን አንስታ ሰሌዳው ላይ አንዲት ነገር ጫር ታደርግና፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወደ ክፍሉ ትዞራለች፤ «ለምን ይመስላችኋል?» ትላለች። ከዚያ ዝም። ልጆቹ ኮርኒሱን ያያሉ፣ ጫማቸውን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እሷ ንቅንቅ አትልም። መልሱን ከአፏ ሰምቶ የወጣ ተማሪ የለም ይባላል። የሥራ ባልደረቦቿ ቅጽል ስሙን አሳጥረው «እትዬ ለምን» አሏት። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሊያበሽቃት ሲፈልግ «እሺ፣ እትዬ ለምን» ይላታል፤ ይህን ሲላት ግን ራቅ ብሎ ነው።

ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰሌዳ ነው። ሁሉ ነገር ይሆንላታል፤ ሥዕል ብቻ አይሆንላትም። ስድስተኛ ክፍል ስለ እንቁላል መማር ሲጀምር ሰሌዳው ላይ ትልቅ እንቁላል ትስላለች፤ ውስጡ አስኳል፣ አስኳሉ አጠገብ የተጠቀለለች ጫጩት። ጫጩቷ አንድ ዓመት ካልሲ፣ አንድ ዓመት ድንች ትመስላለች። ልጆቹ ደግሞ የፎቅ ልጆች ናቸው፤ ዶሮን የሚያውቋት ተገነጣጥላ በላስቲክ ተጠቅልላ ነው። አንድ ጊዜ «ጫጩት ምን ትመስላለች? ግለጹ» የሚል ፈተና አወጣች። አንዲት ልጅ «ጠፍጣፋ ናት። ነጭ ናት። ዳስተር ከነካት ትሞታለች» ብላ ጻፈች።

እትዬ ለምን ያን ወረቀት ይዛ ብዙ ተቀመጠች። በመጨረሻ ሙሉ ማርክ ሰጠቻት። «ያየችውን ነው የጻፈችው» አለች ለባሏ። «ያሳየኋት እኔ ነኝ።»

ታዲያ ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ሲቀራት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ክፍላቸው ውስጥ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ መሞከር ለሚሹ አስተማሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ፈንድ አለ፤ ሐሳብ ያለው ያመልክት ይላል። ሁሉም አነበበው፣ ሁሉም ሳቀ።

«አዲስ ነገር ሲሉ ጠመኔን ይጨምራል?» አለ የሒሳብ አስተማሪው። «እኛ ጋ ጠመኔ አዲስ ነው።»

«እኔ ኳስ ብዬ ብጽፍ ፈጠራ አይደለም ሊሉኝ ነው» አለ የስፖርቱ። «አራት ማዕዘን ኳስ ልበላቸው?»

እትዬ ለምን ሻይዋን ጨርሳ ማመልከቻውን ይዛ ወጣች። ማሞቂያ አምፖል ያለው፣ ክዳኑ መስታወት የሆነ የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን ጠየቀች፤ ከነእንቁላሉ። «ሐሳብዎን አዲስ የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ነበር። እሷ የሞላችው አንድ መስመር ነው፦ «ተማሪዎቼ ጠፍጣፋ ያልሆነ ጫጩት ያያሉ።»

ከፈንዱ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ደወለችላት። «ይቅርታ መምህርት፣ እስካሁን የሚያዩት ጠፍጣፋ ነው ማለት ነው?»

«እኔ ስስላት፣ አዎ።»

ልጅቷ በስልኩ ውስጥ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ተፈቅዶልዎታል» አለች። አንድ ሁኔታ ብቻ ነበረው። በድጋፉ የተገዛውም ሆነ ከፕሮጀክቱ የተገኘው ነገር ሁሉ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል፤ ተረካቢዋ አስተማሪዋ ናት፤ ዓመቱ እስኪያልቅ ከክፍሉ አይወጣም። ዳይሬክተሩ ሳያነብ ፈረመ። እሷም አንብባ ፈረመች። አንቀጹን ልብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛው።

እሱን ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ባለ ብሩሹ» ይለዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ጋውን ለባሽ ነው፤ በአንድ ኪሱ ቀይ ቀለም የያዘች ጣሳ፣ በሌላው የጣት ያህል ብሩሽ ይዞ ይዞራል። ቁጥር ያልጻፈበት ነገር የለም። ወንበሩ ቁጥር አለው፣ መጥረጊያው ቁጥር አለው፣ ደወሉ ቁጥር አለው፣ የዳይሬክተሩ የሻይ ብርጭቆ ሥሯን ብትገለብጧት ቁጥር አለባት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሥራ እንደጀመረ አንድ የእጅ ጋሪ ጠፋና ኦዲተሮች ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሌባ አስመስለው አቆሙት። ጋሪው ከወራት በኋላ አጥር ሥር፣ ሣር ውጦት ተገኘ። «ይቅርታ» ያለው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከብሩሹ ጋር አይለያዩም።

ሳጥኑ ሲመጣ ቀይ ቁጥሩን ጻፈበት። እንቁላሎቹን ግን እያገላበጠ ሲያይ ቆየና፣ «እነዚህ አላቂ ዕቃ ናቸው» ብሎ ወሰነ። አላቂ ማለት እንደ ጠመኔ፣ እንደ ሳሙና፣ ተጠቅመውበት የሚያልቅ ማለት ነው፤ ቁጥር አይጻፍበትም። ቋሚ ንብረት ግን እንደ ጠረጴዛው ዕድሜ ልኩን ይቆጠራል። እትዬ ለምን ፈረመች፤ ነገሩም በሰላም አለፈ።

ሦስት ሳምንት ልጆቹ በመስታወቱ ላይ ተደፍተው ከረሙ። እረፍት ሲደወል የሚወጣ የለም። ከዚያ አንድ ጠዋት አንደኛው እንቁላል ተነቃነቀ፤ ጩኸቱ እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰማ። ባለ ብሩሹም ሮጦ መጣ፤ የተሰበረ ወንበር አለ ብሎ ነው። ሲደርስ ጫጩቶቹ ደርቀው፣ ላባቸው ለስልሶ፣ ሳጥኑ ውስጥ እየተጋፉ «ጭው ጭው» ይላሉ።

ቆሞ አያቸው። «እትዬ፣ እኔ ያስረከብኩዎ እንቁላል ነው።»

«አዎ፣ ተፈለፈለ።»

«ማን ፈቅዶ?»

«አንተ ልጅ፣ እንቁላል እኮ ነው፤ ሥራው ይሄ ነው።»

«እኔ አላቂ ብዬ ነው የመዘገብኩት» አለ ግንባሩን እየጠረገ። «አላቂ ያልቃል። ይሄ ግን ሲያልቅ አላየሁም፤ ይሄ ጭራሽ ጀመረ!»

እነሆ ጫጩቶቹ በዚያው ቀን ከአላቂነት ወደ ቋሚነት ተዛወሩ። ዝውውሩ ሦስት ፊርማ ፈጀ። ብሩሹን አውጥቶ ጀርባቸው ላይ ሊጽፍ ሲል ግን እትዬ ለምን እንደ ግድግዳ ቆመች። «ነፍስ ያለው ነገር ቀለም አይቀባም!» አለች። ተከራከሩ፤ ልጆቹ ከእሷ ወገን ጮኹ። በኋላ ተስማሙ፤ እያንዳንዷ እግሯ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ታሰረላት። ልጆቹ ስም አላወጡም፤ ስም በቁጥር መጥቷል። ሁለቴ፣ አራቴ፣ ሰባቴ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። አንዱ ብቻ ከቁጥር ውጪ ስም አገኘ። አውራ ሆኖ አደገ፣ በክፍሉ መስኮት እየዘለለ ይወጣና ማለዳ ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩ መናገር ሲጀምር አብሮት ይጮሃል፣ ዳይሬክተሩ ሲሄድ ኋላው ይከተላል። «ምክትል» አሉት። እውነተኛው ምክትል ዳይሬክተር ሁለት ቀን አኮረፈ።

ከዚያ በኋላ የስድስተኛ ክፍል ነገር ለሰሚ ግራ ሆነ። ንብረት ከክፍል አይወጣምና ዶሮዎቹ ከኋላ ወንበሮች ጀርባ በሽቦ አጥር ተቀመጡ፤ ሲያሻቸው ዘለው ዴስክ ላይ ይወጣሉ። ፈተና ላይ አራቴ የአንዱን መልስ ወረቀት በላች፤ ልጁ ወረቀቱ የት እንደሄደ ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሮ ማንም አላመነውም። እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እንቁላሉ አላቂ ነው፣ የጣለችው ግን ቋሚ ናት፤ ስለዚህ ባለ ብሩሹ በየማለዳው መጥቶ ትኩሱን እንቁላል በደረሰኝ ገቢ ያደርግና ለመምህራን ክበብ ወጪ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ልጆቹ ተማሩ። ምንም አይባል። ላባ ሲረግፍና ሲበቅል ጽፈዋል፣ ማን ማንን እንደምትፈራ ሠንጠረዥ ሠርተዋል፣ ሰባቴ ግራ እግሯ ላይ አንዱ ጥፍሯ እንደተሰበረ፣ አንገቷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እንዳላት ሁሉም ያውቃል። ከፈንዱ የደወለችው ልጅ ለጉብኝት መጥታ ይህን ስታይ አፏን ይዛ ቀረች። ዳይሬክተሩን አንድ የሥራ ጥያቄ ጠየቀችው፤ «ድጋፉ ሲያበቃ ፕሮጀክቱ ቀጣይነት ይኖረዋል?»

ዳይሬክተሩ ከኋላው የቆመውን ምክትል በጥርጣሬ አየና፣ «እሱን ማቆም አልቻልንም» አለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሊያልቅ ደረሰ፤ የእትዬ ለምን ጡረታም። ሌላ ቀጠሮም ነበራት። በሌላ ከተማ የምትኖረው አንድያ ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ የልጅቷ ባል ሥራው መንገድ ላይ ነውና አይገኝም። እትዬ ለምን ይህችን ልጅ ስትወልድ የራሷ እናት አልደረሰችላትም፤ መንገድ ተበላሽቶ የሕፃኗ ክርስትና ሊደርስ ሲል ነው የመጣችው። ምጥ ላይ በሩን እያየች የዋለችበትን ቀን ባወራች ቁጥር ድምፅዋ ይቀንሳል። «የኔ ልጅ በር በር አታይም» ብላ ምላለች። ባሏን አስቀድማ ላከችው፤ እሷ ክሊራንስ ተቀብላ ልትከተል።

ክሊራንስ ማለት የእጅህን ሁሉ አስረክበህ ነጻ ነህ የምትባልበት ወረቀት ነው። ያለ እሱ ጡረታ የለም፤ ጥሎ መሄድም ከሥራ መኮብለል ነው። እትዬ ለምን አልሰጋችም። ካርታ አስረከበች፣ ማጉያ መነጽር አስረከበች፣ ሳጥኑን አስረከበች። ባለ ብሩሹ በጉልበቱ ተንበርክኮ የዶሮዎቹን እግር አንድ በአንድ አነበበ። ተነሣ፣ እንደገና ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ሰባት ቁጥር የለችም።»

ዴስኩ ሥር ታየ፣ ጓሮ ታየ፣ መጸዳጃ ቤት ታየ። ሰባቴ እንደ ጉም ተንናለች።

«ዋጋዋን ልክፈልና ልገላገል።»

«የጠፋ ቋሚ ንብረት ኮሚቴ ሳይወስንበት አይከፈልም።»

ኮሚቴው ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው ዳይሬክተሩ፣ አባሉ የሒሳብ አስተማሪው፣ ጸሐፊው ባለ ብሩሹ።

«ንብረቷ ለመጨረሻ ጊዜ ስትታይ በአገልግሎት ላይ ነበረች?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ምክትል እያባረራት ነበር» አለች እትዬ ለምን።

«በጥሩ ይዞታ ላይ ነበረች በል» አለ ለጸሐፊው። «አደጋ ደርሶባት ከሆነስ?»

«ቅሪቷ ይቅረብ» አለ ባለ ብሩሹ።

«ላባ አይበቃም?» አለ የሒሳብ አስተማሪው።

«ቆርቆሮው ካለበት ይበቃል።»

እትዬ ለምን ወደ ፈንዱ ደወለች። ልጅቷ በደስታ ነው ያነጋገረቻት። «መምህርት፣ በእኛ በኩል እኮ ፕሮጀክቱ በጥሩ ውጤት ተዘግቷል። ዶሮዎቹን ግን አናውቃቸውም፤ እኛ የምናውቀው እንቁላሉን ነው።»

«እንቁላሉማ የለም የኔ ልጅ።»

«አዎ፣ አላቂ ነዋ።»

ባሏ በየማታው ይደውላል። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ እግሯ አብጧል፤ ሐኪሙ ቀኗ ቀርቧል ይላል። ጥለሽው ነይ!»

«ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሥራ በአንዲት ዶሮ ኮብልላ ሄደች ልባል?»

«ይበሉ! ዶሮ ናት እኮ!»

«ዶሮ አይደለችም» አለች በምሬት። «ቋሚ ንብረት ናት።»

ቢጨንቃት ገበያ ወጣች። ቀይ፣ አንገቷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ መካከለኛ ዶሮ ፈለገች። የአንዷን አንገት ታያለች፣ የሌላዋን ጥፍር ታያለች፣ ትመልሳለች። ሻጩ ሰለቸው። «እናቴ፣ የሚገዙት ዶሮ ነው ወይስ ለወንድ ልጅዎ ሚስት ነው የሚመርጡት?»

አንዷን አገኘች። የሐሰት ቆርቆሮ ልታስርላት እጇ እምቢ አላት፤ «ቁጥሯ ወልቆ ይሆናል» ልል ብላ ብቻ ይዛት ገባች። ባለ ብሩሹ ዶሮዋን ተቀበለ፤ ገልበጥ አደረጋት፤ ፊቱ ፈካ። ብዕሩን ሲያወጣ ግን ከኋላ ክፍሉ በሙሉ እጁን አውጥቷል።

«ቲቸር! ይቺ ሰባቴ አይደለችም!»

«የሰባቴ የግራ ጥፍሯ የተሰበረ ነው!»

«ይቺኛዋ ሁለቴን አትፈራም! ሰባቴ ሁለቴን ትፈራለች!»

አንዱ ሠንጠረዡን ይዞ መጣ። እትዬ ለምን ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «በደንብ አስተውላችኋል» አለች በቀስታ፤ ሌላ ምን ትላለች? ዓመቱን ሙሉ «አስተውሉ» ስትል የከረመችው ራሷ ናት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ኩራት ይሁን እፍረት እሷም አለየችውም።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። አዲሷ ዶሮ አሁን ምንጩ ያልታወቀ ንብረት ሆነች። ወደ ውጭ እንዳትመልሳት ከግቢ ንብረት ሲወጣ መውጫ ወረቀት ያስፈልጋል፤ መውጫ ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ በመዝገብ መግባት አለባት። ስለዚህ እትዬ ለምን ዶሮዋን ለትምህርት ቤቱ በስጦታ እንደሰጠች ደብዳቤ ጻፈች። ዳይሬክተሩ ማህተም ያረፈበት የምስጋና ደብዳቤ ሰጣት። አንድ ዶሮ ጎድሎባት አንድ ዶሮ የለገሰች፣ ምስጋናም ወቀሳም በአንድ ቀን የተቀበለች ሴት በዚያ ግቢ ከእሷ በፊት አልነበረችም።

ሰባቴ ከጠፋች ወር ሊሞላት ሲል የትምህርት መዝጊያው ቀን ደረሰ። የአውቶቡስ ትኬት ቆርጣ ሻንጣዋን ክፍል ይዛ ነው የመጣችው። ልጆቹ ለመሰናበት ተቀምጠዋል። ጠመኔዋን አነሣችና ሰሌዳው ላይ «ሰባቴ» ብላ ጻፈች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«የለችም። ለምን ይመስላችኋል?»

አንዱ፣ «ከመጥፋቷ በፊት ነገረኛ ሆና ነበር» አለ።

«ደረቷ ላይ ያለውን ላባ ስትነጭ ነበር» አለች ሌላዋ።

«ጠመኔ ካርቶኑ ውስጥ ትቀመጥና አልነሣም ትላለች። ባለ ብ... የንብረቱ ጋሼ ግን በየቀኑ እንቁላሏን ይወስድባታል።»

አንዲት ከፊት የተቀመጠች ልጅ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ አልጠፋችም። መታቀፍ ፈልጋ ነው። ማንም እንቁላሏን የማይወስድባት ቦታ ሄዳለች።»

«ጥሩ። ማንም የማይገባበት ቦታ የት ነው?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ፦ «ንብረት ክፍል!»

ግቢው ጥግ ያለው የንብረት ክፍሉ መጋዘን ለዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ከታሸገ ሳምንታት አልፈውታል፤ ያሸገው ራሱ ባለ ብሩሹ ነው። እስከ ቆጠራው ቀን ሰው አይደርስበትም። መስኮቱ ላይ ግን አንዷ መስታወት ከተሰበረች ቆይታለች፤ ሽራፊዋም ቁጥር አላት። እትዬ ለምን ድንጋይ ላይ ቆማ አጮለቀች። እግር በሌለው አሮጌ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፣ ላባዋን እንደ ድንኳን ዘርግታ፣ ሰባቴ ተቀምጣለች። በማን አለብኝነት አየቻት።

«ያቻትልህ!» አለች የልጆቹን ጩኸት ሰምቶ ለመጣው ለባለ ብሩሹ። «በል ፈርም፣ አውቶቡሴ አመለጠኝ!»

እሱም አጮለቀ። ትከሻው ወረደ፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው። ቢሆንም ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ማየት መረከብ አይደለም። እሽጉ ደግሞ ኮሚቴው ሳይኖር አይከፈትም።»

ልጆቹ ኮሚቴውን ሊጠሩ በረሩ። ዳይሬክተሩ መጣ፣ ምክትል ኋላው መጣ፣ የሒሳብ አስተማሪው እያኘከ መጣ። እሽጉ ተቀደደ፤ በሩ ተከፈተ። ባለ ብሩሹ እጁን ሰደደ፣ ሰባቴ ነከሰችው፣ ቆርቆሮውን ግን አነበበ። «ሰባት ቁጥር። ተገኝታለች።» እትዬ ለምን ብዕሯን አቀበለችው።

ሊፈርም ሲል ከሰባቴ ሆድ ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ። ቀጭን፣ የታፈነ፣ «ጭው» የሚል።

ባለ ብሩሹ ብዕሩን አወረደ። ላባውን በጣቱ ገለጥ አደረገ። እንቁላሎች፤ አንደኛው ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል።

«ያልተመዘገበ አለ።»

«በስመ አብ!» አለች እትዬ ለምን። «እንቁላል ብለህ ጻፍና ልሂድ።»

«እንቁላል ብዬ ብጽፍ አላቂ ነው። ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ግን ቋሚ ሊሆን ነው። ሐሰት መጻፌ ነው።»

«እንግዲያስ ጫጩት ብለህ ጻፍ!»

«ገና ነዋ!» አለ፤ ድምፁ ልመና ሆነ። «እትዬ፣ አሁን ይሄ ምንድን ነው? ምን ልበለው?»

ኮሚቴው ያለ ቃለ ጉባኤ ወሰነ፤ እስኪለይለት ይጠበቅ። ዳይሬክተሩ የተሰበረ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ የሒሳብ አስተማሪው ተገልብጦ በተቀመጠ ባልዲ ላይ፣ ልጆቹ በርና መስኮቱን ሞሉት። የእትዬ ለምን ስልክ ጮኸ። ባሏ ነው፤ የሆስፒታል ኮሪደር ጫጫታ ከኋላው ይሰማል።

«ኧረ አንቺ፣ ጀምሯታል! የት ደረስሽ?»

«እ... ወረፋ ላይ ነኝ።»

«የምን ወረፋ?»

እንቁላሉን አየች። «እዚህም ጀምሯታል» አለችና ዘጋችው።

ስንጥቁ ሰፋ። ትንሽ ምንቃር ብቅ አለች፤ ደከማት መሰል ቆመች። ባለ ብሩሹ በደረቱ መሬት ላይ ተኝቶ ዓይኑን ከመሳቢያው አላነሣም። ከዚህ በፊት አላየም ነበር፤ ያኔ ክፍል ሲፈለፈል እሱ የደረሰው ካለቀ በኋላ ነው።

«ተጣበቀ እኮ! ቅርፊቱን ልስበርለት?» አለ እጁን እየዘረጋ።

«አትንካ!»

«ለምን?»

መነጽሯ ወደ ግንባሯ ወጣ። አውቶቡስ ሊያመልጣት፣ ልጇ እያማጠች፣ የሴትዮዋ አፍ ግን ልማዱን አልተወም። «ለምን ይመስልሃል?»

ሰውዬው ኮርኒሱን አላየም፣ ጫማውን አላየም። ያቺን ምንቃር አየ። ጫጩቱ እግሩን አንፈራጦ ቅርፊቱን ሲገፋ፣ አንገቱን ሲያቃና፣ ሲወድቅ፣ እንደገና ሲገፋ ብዙ አየ።

«እየተለማመደ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ካልገፋ... በኋላ መቆም አይችልም።»

መስኮቱ ላይ ያሉት ልጆች አጨበጨቡለት። ወዲያው ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለና እርጥብ፣ መልከ ጥፉ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር መሳቢያው ላይ ተዘረጋ። ጠፍጣፋ አልነበረም። ነጭም አልነበረም። ባለ ብሩሹ ዓይኑን በጋውኑ እጅጌ ጠረገ፤ ቀለም ፊቱ ላይ ቀረ።

«አላቂ አይመስልም» አለ።

ክሊራንሱን መሬት ላይ እንደተኛ ነው የፈረመው። ዳይሬክተሩ ማህተሙን ምክትል ጀርባ ላይ ሊያሳርፍ ምንም አልቀረውም፤ ልጆቹ ሻንጣዋን ተሸክመው እየጮኹ በር ድረስ ሸኟት። አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቶ ነበር። ሾፌሩ የባሏ የድሮ ባልደረባ ሆኖ ተገኘና፣ «እትዬ ለምን! ምን ሆነሽ ዘገየሽ?» አላት።

«ለምን ይመስልሃል?» አለችና ወንበሯ ላይ ተዘረረች።

በማግሥቱ ሆስፒታሉ ስትደርስ ባሏ ኮሪደሩን እንደ ዘበኛ ይመላለሳል። «ገና ነች» አላት። ገባች። ልጇ ላብ አጥምቋት ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተኝታለች፤ እናቷን ስታይ ማልቀስ ጀመረች።

«እማዬ፣ የት ቀረሽ!»

«መጣሁ የኔ እናት፣ መጣሁ። ከእንግዲህ በሩን አትይው፣ እኔን እዪ።» እጇን ያዘቻት። ፀሐይ ሞቅ ሳይል ሕፃኑ ጮኾ መጣ፤ እርጥብ፣ የተጨማደደ፣ የተቆጣ።

አዋላጇ አጥባ ጠቅልላ አመጣችው። እትዬ ለምን ጨርቁን ከእግሩ ገለጥ አደረገች፤ ጣቶቹን ልትቆጥር ነው። ከዚያ ደርቃ ቀረች። የሕፃኑ ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ታስራለች። ቀለበቷ ላይ ቁጥር አለ።

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ልጇ፣ «እማዬ ምን ሆንሽ?» ትላለች፤ አዋላጇ ውኃ ታመጣለች፤ ባሏ በሩን ከፍቶ፣ «አበደች፣ ዶሮዋ አሳበደቻት!» ይላል። እሷ መናገር አልቻለችም። እጇን በምልክት ዘርግታ ስልኳን ጠየቀች።

ባለ ብሩሹ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው። ከኋላው ጫጩቶች ይሰማሉ።

«እትዬ! በሰላም ደረሱ? ሁሉም እኮ ወጡ፤ ቆርቆሮ አልቆብኝ...»

«ስማኝ፣ የልጅ ልጅ መጣልኝ» አለች በሳቅና በለቅሶ መሐል። «ወንድ ነው። የደረስኩት ሊወለድ ሲል ነው፤ አንተ ሳትፈርም ብትቀር...» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ደግሞ ቁጥር አስረውለታል።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደ ሥራ ሰዓቱ ቆፍጠን ብሎ ጠየቃት።

«ምን ብለው መዘገቡት እትዬ? አላቂ ነው ቋሚ?»

እትዬ ለምን ሕፃኑን አየችው። አንዷን እግሩን ከጨርቁ ውስጥ አውጥቶ አየሩን ይገፋል፤ ይወድቃል፤ እንደገና ይገፋል።

«ቋሚ ነው» አለችው። «ቋሚ ብለህ ጻፍ።»